ስለ ለውጥና ለስሙ ስለሚቆም ሰው

ፍጡር ሁሉ ተለዋጭ መሆኑን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ይሁን እንጂ መጻሕፍትን የመረመሩ መምህራኖቻችን ይህን እውነት ከነምክንያቱ ሲያስረዱ፣ የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ማለት ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት የተገኘ በመሆኑ፣ እነዚህም አራቱ በጠባይ የማይስማሙ ሲሆኑ በፈጣሪ ጥበብ ተስማምተው በአንድ ገላ ስለሚኖሩ፣ አንዱ ሲያይል ሌላው ሲደክም፣ ሰው ከሕፃንነት ወደ ጕልምስና፣ ከጕልምስና ወደ እርጅና ሲተላለፍ ይኖራል ይላሉ። እንግዲህ መለወጥ ከተፈጠርንበት ነገር ጋር አብሮ የተሰጠን ዕጣ ነው። አስቸጋሪው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው፤ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የነበረው ሕፃንና በምርኩዝ የሚሄደው ሽማግሌ በመልክ የማይመሳሰሉ፣ በፈቃድ የማይገናኙ፣ አንዱ የሚወደውን ሌላው የሚንቅ ከሆኑ፣ ሁለቱን አንድ ሰው ናቸው ብለን የምንፈርደው በምን ማስረጃ ነው?

አበው ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን የተለየ ድርሳን ባይጽፉልንም፣ ሰውን ከልደቱ እስከ ዕረፍቱ በሚጠሩባቸው ስሞች ውስጥ ብዙ አሳብ አኑረውልናል። ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ስትጠመቅ ካህኑ የክርስትና ስም ያወጣል፤ እናት ደግሞ ምጧን ወይም ምኞቷን የምታስታውስበትን ሌላ ስም በቤት ታወጣለች። ልጅቱ አድጋ ስትዳር በብዙ ስፍራ አማቷ አዲስ ስም ትሰጣታለች። ጐልማሳው ጦር ሜዳ ወርዶ ስመ ጥር ሲሆን በፈረሱ ስም ይጠራል፤ አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው እንደ ተባሉት። ዓለምን የናቀው በቆቡ ሥር አዲስ ስም ይቀበላል። መንግሥት የተቀበለውም እንዲሁ ነው፤ ካሣ ኃይሉ ቴዎድሮስ፣ ካሣ ምርጫ ዮሐንስ፣ ሣህለ ማርያም ምኒልክ ተብለው ነገሡ። ንጉሥ ተፈሪ መኰንን ግን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ከሩቅ የተፈለገ ስም አልያዙም፤ ኃይለ ሥላሴ የተባለው የዙፋን ስማቸው ገና በሕፃንነታቸው በጥምቀት የተቀበሉት ስማቸው ነበር፤ ስለዚህ በእሳቸው ዘንድ ትልቁ ለውጥ ወደ ጥንቱ ስም መመለስ ሆኖ ታየ።

በዚህ ሁሉ ልማድ ውስጥ ልብ ማለት የሚገባን አንድ ነገር አለ። አበው ሰው ከአንድ ኑሮ ወደ ሌላ ኑሮ ሲሻገር ለውጡን አይተው እንዳላዩ አይሆኑም፤ አዲስ ስም አውጥተው ይመሰክሩለታል፤ ነገር ግን አዲሱን ሲሰጡ አሮጌውን አይደመስሱም። በጦር ሜዳ በፈረስ ስሙ ሲፈራ፣ በአደባባይ በማዕርጉ ሲከበር የኖረው ሰው ባረፈ ጊዜ፣ በጸሎተ ፍትሐት የሚነሣው በአርባ ቀኑ የተሰጠው ስሙ ነው። እንግዲያስ ስሞቹ እንደ ደረጃ ተደራርበው ከተቀመጡ፣ በሁሉም ስም ሲጠራ አቤት የሚለው እርሱ ማን ነው?

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ ስለ ሰው ልጅ አእምሮ በጻፈው መጽሐፍ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1694 በታተመው በሁለተኛው እትም ውስጥ፣ ለዚህ ጥያቄ ስመ ጥር የሆነ መልስ ሰጥቷል። ሰው ያለፈውን ሥራውን የራሱ አድርጎ እስካወቀና እስካስታወሰ ድረስ ያው ሰው ነው፤ አንድነቱን የሚያጸናለት የሥጋው መቈየት ሳይሆን የሕሊናው መያያዝ ነው ይላል። መልሱ የረቀቀ ነው፤ በእኛ ሥርዓት ሚዛን ሲመዘን ግን የሚጐድለው ነገር አለ። ሕፃኑ የተጠመቀበትን ቀን አያስታውስም፤ ያን ዕለት ግን በዕድሜው ሁሉ የሚታሰርበት ቃል ተነግሮለታል። አንደበቱ ገና ያልተፈታ በመሆኑ የክርስትና አባቱ ስለ እርሱ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክዳል፤ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ሃይማኖትን ይመሰክራል። ሕፃኑ ሲያድግ ያን ቃል ከትዝታው ውስጥ ፈልጎ አያገኘውም፤ ከሌሎች አፍ ሰምቶ የራሱ ያደርገዋል እንጂ። ከዚህ የምንማረው፣ ሰው ራሱን ከማወቁ በፊት ሌላ ሰው ዋስ ሆኖ እንደሚቆምለት፣ ማንነቱም ከትዝታ ይልቅ በመልስ፣ በመጀመሪያም በሌላው መልስ እንደሚጀመር ነው።

ሊቃውንቱ ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት መገኘቱን ከተናገሩ በኋላ ነፍስን ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት ይሏታል፤ ታስባለች፣ ትናገራለች፣ ሕያው ሆና ትኖራለች ማለታቸው ነው። የተለዋዋጩን ሰው አንድነት በማሰብና በማስታወስ ብቻ የሚፈልግ ሰው ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይዞ ሁለቱን ይረሳል። እኔ እንደሚመስለኝ ለጥያቄያችን ይበልጥ የሚቀርበው መናገሯ ነው፤ ሰው ለተጠራበት ስም ሁሉ መልስ መስጠት የሚችል ፍጡር ነውና። ስለዚህ በለውጥ መካከል የሚጸናው ነገር መልክ ወይም ጠባይ ወይም ትዝታ ሳይሆን ተጠያቂነት ነው እላለሁ፤ ማለትም ስለ ትናንቱ ሥራ ሲጠየቅ «ያ እኔ ነኝ» ለማለት፣ ስለ ነገው ደግሞ ቃል ገብቶ በቃሉ ለመገኘት መቻል ነው። ይህን አሳብ በምሳሌ ልመርምረው።

ከለውጥ ሁሉ የሚጠልቀው የመነኵሴ ለውጥ ነው። ምንኩስናን የሚቀበለው ሰው እንደ በድን በምድር ላይ ተጋድሞ፣ ለሙታን የሚደገመው ጸሎት በሕይወቱ ሳለ ይደገምለታል፤ ሲነሣ ለዓለም የሞተ፣ ከርስቱና ከዘመዱ የተለየ፣ በአዲስ ስም የሚጠራ ሌላ ሰው ነው። ለውጥን በዚህ መጠን አጥብቆ የሚናገር ሥርዓት ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ይኸው ሞተ የተባለው ሰው በበዓቱ ተቀምጦ በአሮጌው ስሙ የሠራውን ኃጢአት እያሰበ ሲያለቅስ ይኖራል። በዓለም ሳለ የኖረው ሰው ከነበደሉ ተቀብሮ ከቀረ ይህ ስለ ማን ያለቅሳል? ልቅሶው ሞቱን ሐሰት አያደርገውም፤ በአዲሱ ስም የሚጠራው ሰው የአሮጌውን ስም ዕዳ ለመክፈል በራሱ ፈቃድ መቆሙን ያስረዳል እንጂ። ንስሓ ማለት የተለወጠ ሰው ስላልተለወጠው ሥራው የሚሰጠው መልስ ነው፤ ያልተለወጠ ንስሓ አይገባም፣ ያለፈውን የካደም ንስሓ የሚገባበት ነገር የለውም።

ይህንኑ ነገር ኦሪት ዘፍጥረት በያዕቆብ ታሪክ አብራርቶ ያሳየናል። ዓይኑ የፈዘዘው ይስሐቅ «አንተ ማን ነህ?» ብሎ በጠየቀው ጊዜ ያዕቆብ የወንድሙን ስም ጠርቶ በሐሰት በረከቱን ወሰደ። ከብዙ ዓመት በኋላ በያቦቅ ማዶ ብቻውን ሌሊቱን ሲታገል ያደረው ያው ሰው ስሙን ሲጠየቅ ግን ያዕቆብ ነኝ ብሎ እውነቱን መለሰ፤ እስራኤል የሚለው አዲስ ስም የተሰጠውም ይህን እውነተኛ መልስ ከሰጠ በኋላ ነው። በነጋታውም አዲሱን ስም ይዞ ከዕዳው አልሸሸም፤ ሹልዳው ተነክቶ እያነከሰ ወደ በደለው ወንድሙ ሄደና ሰባት ጊዜ በምድር ላይ ሰገደ። አብርሃም ስሙ ከተለወጠበት ምዕራፍ ወዲህ በዚያው መጽሐፍ አብራም ተብሎ አይጠራም፤ ያዕቆብ ግን እስራኤል ከተባለም በኋላ ያዕቆብ መባሉ አልቀረም። ሁለቱን ስም አብሮ የተሸከመው የወንድም ዕዳ የነበረበት ሰው መሆኑን እያየሁ፣ ይህ እንዲያው በከንቱ የሆነ ነገር አይመስለኝም።

የመነኵሴውና የያዕቆብ ምሳሌ የተጠያቂነትን የኋላ ፊት ያሳያል፤ የፊት ፊቱን የሚያሳየን ደግሞ የካሣ ኃይሉ ታሪክ ነው። በፍካሬ ኢየሱስ፣ ከብዙ መከራ በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ይነሣል የሚል ትንቢት አለና፣ ሕዝቡ በመሳፍንቱ ጦርነት ሲንገላታ ያን ስም በተስፋ ይጠብቅ ነበር። በቋራ በረሃ በሽፍትነት የተነሣው ካሣ የካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም፣ ድል የተነሡት ደጃዝማች ውቤ በሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ሲቀባ የመረጠው ይህን ስም ነው። ሌላው ሰው ስም የሚያወጣው ለሆነው ነገር ነው፤ እርሱ ግን ገና ሊሆነው ለሚገባው ነገር የወጣ፣ ከእርሱ በፊት የነበረና እርሱን የሚጠብቅ ስም ለበሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አገሪቱን አንድ ለማድረግ የደከመው ድካም፣ ጽኑ ቁጣውና ጭካኔውም ጭምር፣ በስሙ ሚዛን ተመዘነ፤ ሕዝቡም በትንቢቱ የጠበቀውን ጽድቅና ሰላም ከእጁ ይፈልግ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲገባ በገዛ እጁ ሲሞት፣ የገባው ቃል ያልተፈጸመለት ሰው ሆኖ ሞተ። ነገር ግን ቃሉ ባይፈጸምም ሰውየውን ሌላ አድርጎት ነበር፤ ከቋራው ሽፍታ ቴዎድሮስን ያወጣው ያለፈው ታሪኩ ብቻ ሳይሆን፣ ገና ያልመጣው ነገር በእርሱ ላይ የነበረው ሥልጣን ነው። ስለዚህ የሚለወጥ ሰው ከሚያስታውሰው ይልቅ በተናገረው ተስፋ አንድ ሆኖ ሊጸና ይችላል።

እስከዚህ ድረስ ያየናቸው ለውጡን በገዛ ፈቃዳቸው የተቀበሉ ናቸው፤ ቆቡንም ዘውዱንም ወደውና ፈቅደው ደፉት። ለውጥ በግድ የተጫነበት ሰውስ ምን ይሁን? አንድ አሳብ እውነተኛ መሆኑ የሚፈተነው በዚህ ዓይነት ሰው ላይ ነውና፣ ከሁሉ ይልቅ በዚህ ምሳሌ ላይ መቈየት ይገባኛል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አጠገብ የተወለደ አንድ የኦሮሞ ልጅ ነበር፤ ወላጆቹ ሂካ ብለው ሰየሙት። ልጅነቱን ሳይጨርስ ባሪያ ፈንጋዮች ነጠቁት፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ሲሄድ ነሲብ የሚል ስም ተሰጠው። በ1870 ምጽዋ ሲደርስ ቨርነር ሙንዚንገር የተባለው ስዊዘርላንዳዊ ነፃ አውጥቶ በእምኩሉ ለነበሩት የስዊድን ወንጌላውያን ሚስዮናውያን ሰጠው፤ እነርሱም አስተምረው በ1872 ሲያጠምቁት ኦነሲሞስ ተባለ። ስሙ የተወሰደው ከቅዱስ ጳውሎስ መልእክት ነው፤ ኦነሲሞስ የፊልሞና ባሪያ ነበርና፣ ሐዋርያው ወደ ጌታው ሲልከው ከእንግዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ወንድም እንዲቀበለው ይለምናል፤ ዕዳም ቢኖርበት እኔ እከፍላለሁ ብሎ በገዛ እጁ ይጽፋል። የክርስትና አባት ለሕፃኑ እንደሚቆምለት ሁሉ፣ በዚህም ስም ውስጥ ስለ ሌላው ዕዳ ዋስ የሚሆን ሰው አለ።

ይህ ሰው ሦስት ስም ነበረው፤ አንዱን ከወላጆቹ፣ አንዱን ከሻጮቹ፣ አንዱን ከጥምቀት አገኘ። ታሪክ ግን የሚያውቀው ኦነሲሞስ ነሲብ በሚለው ነው። በአገራችን ልማድ ከሰው ስም ቀጥሎ የአባት ስም ይጠራል፤ በእርሱ ዘንድ በአባት ስም ቦታ ላይ የቆመው በባርነት የተሰጠው ስም ሆነ። ከዚህ የሚመረር የለውጥ ምልክት ምን ይገኛል? የተነጠቀው ርስትና ነፃነት ብቻ አልነበረም፤ ልደቱ የሚጠራበት ቦታ ጭምር እንጂ። እንዲህ ያለ ሰው ከሁለት አንዱን ቢያደርግ ማንም አይፈርድበትም ነበር፤ በስዊድን ተምሮ ሲጨርስ አገሩን ረስቶ በሰላም መኖር ይችል ነበር፤ አለዚያም በቂም ተይዞ ዘመኑን ሁሉ የተነጠቀውን ልጅ ሲያለቅስ መኖር ይችል ነበር።

እርሱ ግን ሁለቱንም አላደረገም። መንገዱ ብዙ ጊዜ ቢዘጋበትም ወደ ተወለደበት ሕዝብ ለመመለስ ደጋግሞ ሞከረ፤ በሥጋው እስኪደርስ ድረስም በብዕሩ ቀደመ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሶ በግእዝ ፊደል ጻፈው፤ አዲስ ኪዳኑ በ1893፣ መላው መጽሐፍ ደግሞ በ1899 በስዊዘርላንድ በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። በዚህ ሥራ ላይ ግን ለውጡ ያደረሰበት ጉዳት ተገለጠ፤ በልጅነቱ ከአገሩ ስለተወሰደ የእናቱ ቋንቋ በአፉ ሙሉ አልነበረምና፣ ብዙ ቃል ጐደለው። ጐደሎውን የሞላችለት አስቴር ጋኖ ናት፤ እርሷም በባርነት ተወስዳ በባሕር ላይ ነፃ የወጣችና በእምኩሉ ያደገች ስትሆን፣ የቋንቋውን ቃላት ሰብስባ፣ ዘፈኑንና ተረቱን ከአፍ ወደ ጽሕፈት አውጥታ ለሥራው መሠረት ሆነችው። በ1904 ኦነሲሞስ ወለጋ ገብቶ በነቀምቴ ተቀመጠና ማስተማር ጀመረ።

ሎክ እንዳለው ሰው በትዝታው መጠን ብቻ ያው ሰው ቢሆን ኖሮ፣ የእናቱ ቋንቋ ከአፉ የጐደለበት ኦነሲሞስ ከሂካ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ቀጥኖ ሊበጠስ በተቃረበ ነበር። አልተበጠሰም፤ ስለ ልጅነቱ ያስታወሰው ጥቂት ቢሆን እንኳ ለልጅነቱ የሰጠው መልስ ታላቅ ነበርና። የጐደለውን ከሌላዋ ተነጣቂ አፍ ተቀብሎ መሙላቱም፣ ማንነት አንድ ሰው ለብቻው በልቡ ቈልፎ የሚያኖረው ሀብት አለመሆኑን ያስረዳናል። ሌላም የሚደንቅ ነገር አለ፤ በእርሱና በወገኖቹ መካከል ዕዳ ነበረ ከተባለ፣ ባለ ዕዳዎቹ የሸጡት ነበሩ እንጂ እርሱ አልነበረም፤ ነገር ግን የከፈለው እርሱ ሆነ። በግድ የመጣ ለውጥ የራስ የሚሆነው እንዲህ ነው፤ ወደን ባንቀበለውም፣ በእርሱ ምክንያት ያገኘነውን ትምህርትና ዕውቀት ለተለየናቸው ሰዎች መልስ ስናደርገው፣ የነጣቂው ሥራ መሆኑ ቀርቶ የእኛ ሥራ ይሆናል። ይህን ስል መነጠቁን መልካም ነበር ማለቴ አይደለም፤ በደል በፍሬው አይጸድቅም፤ የተበደለው ሰው ግን ከበደሉ በላይ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ዘመን ከአገር የሚወጣው ሰው ዕጣ ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ባይሆንም ጥያቄው ግን ይመሳሰላል። በአሜሪካና በአውሮፓ ሕግ የቤተሰብ ስም ስለሚጠየቅ፣ በእኛ ልማድ በሦስተኛ ትውልድ ቦታውን ለሌላ ይለቅ የነበረው የአያት ስም ለልጅ ልጅም እየተላለፈ ይኖራል። በ1984 እና በ1991፣ ያም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው፣ ወደ እስራኤል ከገቡት ቤተ እስራኤል መካከል ብዙዎች፣ ይልቁንም ልጆች፣ አዲስ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው፤ ሰጪዎቹም ለበጎ አድርገውት ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ያለ ኑሮ ውስጥ ሁለት ፈተናዎች አሉ። አንደኛው፣ «ያ ድሮ ነው፤ ዛሬ ሌላ ሰው ነኝ» በማለት አዲሱን ስም ከዕዳ መሸሸጊያ ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ «እኔ ምንጊዜም ያው ነኝ» በማለት የሆነውን ለውጥ መካድ ነው፤ ይህም እንደ ታማኝነት ስለሚመስል ከመጀመሪያው ይበልጥ ያታልላል። የመጀመሪያው ትናንትን ያለ ተጠያቂ ይተዋል፤ ሁለተኛው ለዛሬ መልስ መስጠት እምቢ ይላል። ከሁለቱም የሚሻለው ሁለቱንም ስም ሲጠሩት አቤት የሚለው ነው።

በአንድ ሰው የሚታየው በማኅበርና በመንግሥትም ይታያል። በእኛ አገር መንግሥት ሲለወጥ የመንገዱ፣ የትምህርት ቤቱ፣ የአደባባዩ ስም መለወጡ የታወቀ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በአብዮቱ ዘመን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ ነገር ግን በቀድሞው ስም የተሰጠው ዲግሪ በአዲሱ ስም ዘመን አልተሻረም። ተቋሙ አንድ ሆኖ መቆየቱን የምናውቀው ከሕንጻው ይልቅ በዚህ ነው፤ በሌላ ስሙ ለሰጠው ምስክርነት ዛሬም ዋስ ሆኖ ይቆማልና። መንግሥታት ሁሉ ይህን ያህል ታማኝ ቢሆኑ መልካም ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አዲሱ መንግሥት የቀድሞውን ክብር ሲወርስ ዕዳውን ለሞተው ይተዋል፤ የተበደለውም ሰው አቤቱታውን ይዞ ወደ የትኛው ደጅ እንደሚሄድ ያጣል። በስም ብዛት የተለወጠ መንግሥት ለቀድሞው ስሙ መልስ የሚሰጥ ካልተገኘበት፣ ልብሱን ለወጠ እንጂ ራሱን አልለወጠም።

ተጠያቂነት የሰው አንድነት መሠረት ከሆነ ግን ሸክሙ በጠያቂውም ላይ አለ። የተለወጠውን ሰው በአሮጌ ስሙ ለመውቀስ ብቻ የምንጠራው ከሆነ፣ መልስ እንዲሰጥ ሳይሆን እንዲያፍር ፈልገነዋልና፣ እኛው የመለወጥን በር ዘጋንበት። ሌባ የነበረውን ሠርቶ ሲያድር፣ ጠጪ የነበረውን ከመጠጡ ሲለይ፣ ቀድሞ በነበረበት ስም እያነሣን የምንሣለቅ ብዙዎች ነን፤ ይህም የገዛ ወንድማችንን ዋስ አልባ ማድረግ ነው። ዔሳው እያነከሰ የመጣውን ወንድሙን ሮጦ አቅፎ ባይስመው ኖሮ፣ የያዕቆብ አዲስ ስም የት ይደርስ ነበር? የሚመልስ ሰው የሚቀበለው ይሻል።

እንግዲህ የነገሬ ፍጻሜ ይህ ነው። ለውጥ ሰውን ይሠራዋል ሲባል እሰማለሁ፤ እውነቱ ግን እኩሌታ ነው። ለውጥ ማንኛውንም ፍጡር ይሠራል፤ ዛፉም፣ አለቱም ይለወጣል። ሰው ከእነዚህ የሚለየው የሆነበትን ለውጥ ተቀብሎ «ይህ የእኔ ነው» ለማለት፣ ያላስታወሰውን ቃል ለመጠበቅ፣ ያልወሰደውን ዕዳ እንኳ ለመክፈል መቻሉ ነው። ስለዚህ ከብዙ ዘመን በኋላ ያገኘነውን ወዳጃችንን ተለውጧል ወይስ ያው ነው ብሎ መመርመር ብዙ አይጠቅምም፤ መለወጡ የማይቀር ነበርና። የሚጠቅመው በስንት ስሙ ብንጠራው አቤት ይላል፣ እኛስ በየስሙ ስንጠራው ልንቀበለው ተዘጋጅተናል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው፤ በዚህ ጥያቄ ፊት የሚፈተነውም ወዳጃችን ብቻ አይደለም።